አፕግሬዱ አልቆ ከርነሉ አሮጌው ሲሆን

ሰሞኑን አንድ የፖሊ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ጣና ዳር ዋርካ ስር ቁጭ ብለን ከፈትነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 አሳድጎታል። ለዳታ ፓኬጅ ያወጣው ብር ቀላል አይደለም። እየሠራ ያለውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ለማየት ቴርሚናል ላይ «ዩኔም -አር» ሲል ግን የሚመጣው 5.15 ነው። 24.04 ይዞት የወጣው ከርነል 6.8 ነው። «እንደገና ላውርደው እንዴ?» አለኝ።

ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ «ቡት» የሚባለውን ፎልደር ክፈቱና «ቪኤምሊነዝ» ብለው የሚጀምሩትን የከርነል ፋይሎች እዩ። (ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ እናንተ በላቲን ፊደል ጻፏቸው።) 6.8 እዚያ ካለ አፕግሬዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ግረብ ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ሲነሳ የትኛው ከርነል እንደሚከፈት የሚመርጠው ፕሮግራም ላይ።

የልጁ ላይ 6.8 ነበረ። ስክሪኑ በፀሐይ አልታይ ሲለን ወደ ጥላው ጠጋ ብለን «ኢቲሲ» ውስጥ፣ «ዲፎልት» ውስጥ ያለውን «ግረብ» የተባለ ፋይል ከፈትን። «ግረብ_ዲፎልት» የሚለው መስመር ላይ «1>2» ተጽፏል። ያኔ ትዝ አለው። አምና አንድ አፕዴት ዋይፋዩን ሲያጠፋበት ወደ ቀድሞው ከርነል ለመመለስ የጻፈው ነው።

ይህ የከርነል ስም ሳይሆን የተራ ቁጥር ነው። ግረብ ከ0 ነው የሚቆጥረው። 1 «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ሜኑ ነው፤ 2 ደግሞ በውስጡ ሦስተኛው መስመር። እያንዳንዱ ከርነል መደበኛና ሪከቨሪ (ለብልሽት ጊዜ የሚሆን) ብሎ ሁለት መስመር ይይዛል። ስለዚህ ሦስተኛው መስመር ሁልጊዜ ከአዲሱ ቀጥሎ ያለው ከርነል ነው። አዲስ በመጣ ቁጥር ላፕቶፑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። አፕግሬዱ መሃል ላይ «ያንተ ፋይል ይቆይ ወይስ ይተካ?» ብሎ ጠይቆታል። ይቆይ አለ።

ማስተካከያው ይኸው። ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቁጥሩን 0 አድርጉ። «ግረብ_ታይምአውት_ስታይል»ን ሜኑ፣ «ግረብ_ታይምአውት»ን 5 አድርጉ። ይህቺን አትዝለሏት፤ አዲሱ ከርነል እምቢ ካለ በ5 ሴኮንድ ውስጥ አሮጌውን ትመርጣላችሁ። ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ»፤ ያለሱ የለወጣችሁት አይሠራም። ሪስታርት።

6.8 ቡት ውስጥ ከሌለስ? ወይ መብራት መሃል ላይ ሄዷል፣ ወይ ቡት ሞልቷል። ዲስካቸውን ኢንክሪፕት ያደረጉ (በይለፍ ቃል የቆለፉ) ሰዎች ቡታቸው ለብቻው ትንሽ ክፍል ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ እዩት። ከሞላ በ«ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» አሮጌዎቹን አስወጡ። በእጃችሁ ፋይል አታጥፉ፣ አደራ። ቀጥሎ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» የተቋረጠውን ይጨርሳል።

የልጁ ላፕቶፕ በ6.8 ተነሳ። ዋይፋዩም የስልኬን ሆትስፖት ወዲያው አገኘ። 5.15ን ግን ለአንድ ሳምንት እንዳትነካው አልኩት።