ሰፊ የግብ ልዩነት ባለበት ጨዋታ ታዳጊዎችን በክብር እንዴት መምራት ይቻላል?

በሰሜን ሸዋ የታዳጊ ቡድኖች ሲገናኙ ውጤቱን የሚለየው ችሎታ ብቻ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ፣ የጣርማበርን ዳገት አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የሚጫወት ልጅ አየሩ ስለሚሳሳበት ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። የደጋው ቡድን አሰልጣኝ ከእረፍት በኋላ ግቦች ሲከታተሉ ይህን ማሰብ አለበት።

በመጀመሪያ የውድድሩን ደንብ ያንብቡ። በነጥብ እኩል የሆኑ ቡድኖች በግብ ክፍያ (ባገቡትና በገባባቸው ግብ ልዩነት) የሚለዩ ከሆነ፣ ከስንት ግብ በኋላ አጨዋወት እንደሚቀይሩ አስቀድመው ይወስኑ፤ እኔ አራት ግብ ይበቃል ባይ ነኝ። ደንቡ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ከፈቀደ ደግሞ ተቀያሪዎችን ሳይሰስቱ ያስገቡ።

ከባዱ ነገር ለልጆቹ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ብዙ አሰልጣኞች «ግብ አታግቡ፣ ኳሷን ብቻ ተቀባበሉ» ይላሉ። ይህ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ተመልካቹ በየቅብብሉ መጮኽ ሲጀምር፣ ከኳሷ ኋላ በከንቱ የሚሮጠው ልጅ ስድስተኛ ግብ ከሚቆጠርበት ይልቅ ይዋረዳል። አጥቂ ሆን ብሎ ኳስ ወደ ውጭ ሲመታም ተጋጣሚው ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ ጨዋታው እውነተኛ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ለራስዎ ልጆች ግን እንዲከብድ ያድርጉ፦ ግብ የሚያገባው አጥቂ ወደ ተከላካይነት ይመለስ፣ ተከላካዩ ወደ ፊት ይሂድ፣ ቀኝ እግረኞች በግራ እግራቸው ብቻ ይምቱ፣ ማንኛውም ሙከራ ከመስመር በሚሻገር ኳስ ይጀምር። ተጋጣሚው ኳስ ሲይዝ ግን በሙሉ አቅማቸው ይከላከሉ፤ እሱም ቢያገባ ያገባው በላቡ ይሁን።

ይህን ሁሉ ከሜዳው ዳር ጮኸው አይናገሩ፤ በእረፍት ሰዓት ወይም ቅያሪ ሲገባ ዝቅ ባለ ድምፅ ይንገሩ። ተጋጣሚው «በግራህ ምታ!» የሚለውን ከሰማ የታሰበው ክብር ወደ ንቀት ይለወጣል። የግብ ጭፈራም ከአራተኛው በኋላ ይቁም፤ ወላጆችንም በትሕትና ያሳስቡ።

ጨዋታው ሲያልቅ እጅ ለእጅ መጨባበጥ የተለመደ ነው። የተሸናፊውን በረኛ ግን ለብቻው ያነጋግሩትና በትክክል ያወጣውን አንድ ኳስ ለይተው ይጥቀሱለት፤ በዚያ ሰዓት በደፈናው «አይዞህ» ማለት ለልጁ እንደ ሐዘኔታ ይሰማዋል።