የቤት ሙዚቃ ዕቃ አመራረጥ፦ ስፒከሩን፣ አምፕሊፋየሩንና ማጫወቻውን እንዴት እናጣጥም?

የቤት ሙዚቃ ዕቃ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ዋት ነው?» ሻጩም መልሱን አያጣውም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። 5,000 ዋት! ከቁጥሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ፒኤምፒኦ» የሚል አለ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዕቃው እውነት 5,000 ዋት የሚያወጣ ቢሆን በእኛ 220 ቮልት ከ22 አምፔር በላይ ይስብ ነበር። የቤት ሶኬት ቢበዛ የሚችለው 16 አምፔር ነው። ድምፁን ከፍ ስታደርጉ ባልቦላው መውረድ ነበረበት። አይወርድም። ዋቱ ካርቶኑ ላይ እንጂ ውስጥ የለማ።

ፒኤምፒኦ የሚለካበት አንድ ደንብ የለውም። የሚታመነው «አርኤምኤስ» የሚለው ቁጥር ነው፤ ዕቃው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል። እሱም ቢሆን ለብቻው ብዙ አይነግራችሁም። ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ዕቃዎቹ ከክፍሉም እርስ በርሳቸውም ሲስማሙ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ብዙ ሰው ድምፁን ከሚያጎላው ዕቃ፣ ከአምፕሊፋየሩ፣ ይጀምራል። እናንተ ከክፍሉ ጀምሩ፤ ከዚያ ስፒከር፣ ከዚያ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ማጫወቻ። ሽቦ መጨረሻ።

መጀመሪያ ሳሎኑን ለኩ

የሳሎኑን ርዝመትና ወርድ በሜትር ለኩ። ሶፋው ስፒከሩ ከሚቆምበት ቦታ ስንት ሜትር እንደሚርቅም ጻፉ። ይህች ቁጥር በኋላ ትፈለጋለች።

ሳሎኑ ጠበብ ያለ ከሆነ፣ 12 ወይም 15 ካሬ፣ ዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ) 5 ወይም 6 ኢንች ተኩል የሆነ ትንሽ ስፒከር ይበቃል። ወገብ የሚደርስ ስፒከር እዚያ ክፍል ውስጥ ብታስገቡ ቤዙ ይንጎዳጎዳል እንጂ አያምርም። ከ25 ካሬ በላይ ከሆነ ወለል ላይ የሚቆመውን አስቡ፤ ወይም ትንሹን ከሰብዉፈር፣ ቤዙን ብቻ ከሚያወጣው ሳጥን፣ ጋር።

ከዚያ ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ድምፁ እየነዘረ ከተመለሰ ችግር አለ። የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፅን ስለሚመልሱት፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ውድ ስፒከርም ጆሮ ይበሳል። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፦ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የጨርቅ ሶፋ። ምንጣፉ በተለይ የሚጠቅመው በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ሲነጠፍ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ባዶ ሳሎን ያለው ሰው አምፕሊፋየር ከመቀየሩ በፊት ምንጣፍ ቢገዛ ይሻለዋል።

ስፒከሩን ምረጡ

ከበጀታችሁ ግማሽ ያህሉን ለስፒከር መድቡ። ሁለት ጤነኛ አምፕሊፋየሮች ድምፃቸው ይቀራረባል። ሁለት ስፒከሮች ግን አንድን ዘፈን የተለያየ ዘፈን ሊያስመስሉት ይችላሉ።

ከስፒከሩ ጀርባ ወይም ከመመሪያው ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ።

አንደኛው በዴሲቤል የተጻፈው ነው፤ ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። 84፣ 87፣ 90 ዓይነት ቁጥር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ 3 ዴሲቤል የዋት እጥፍ ነው። 84 የሆነው ስፒከር 90 ከሆነው ጋር እኩል እንዲሰማ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። 84 የሆነ ስፒከር መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አምፕሊፋየሩ ጠንከር ማለት አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ኦም ነው፦ 4፣ 6 ወይም 8። ኦሙ ባነሰ ቁጥር ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት ይስባል። ለጀማሪ 8 ኦም ነገሩን ያቀልለታል፤ ከሁሉም ጋር ይስማማል። 4 ኦም ከሆነ፣ ሊገዙ ያሰቡት አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ 4 ኦም እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት።

ቁጥሩ ይህን ያህል ነው። ቀሪው የጆሮ ሥራ ነው።

ሻጩ የሚያጫውትላችሁን አትስሙ። እሱ ዕቃው የሚያምርበትን ዘፈን መርጦ ይዟል። የራሳችሁን፣ አሳምራችሁ የምታውቁትን ሙዚቃ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከሁሉ በፊት የማጫውተው በገና ነው። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፤ ግን እንዝራው፣ አውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ አውታሩን ስለሚያነዝረው ከወፍራሙ በላይ ቀጭን ዝዝታ አለበት። ወፍራሙን ዉፈሩ ይዞ፣ ቀጭኑን ትንሹ ክብ፣ ትዊተሩ፣ ይዞ፣ ሁለቱ አንድ መሣሪያ መምሰል አለባቸው። ስፒከሩ ደካማ ከሆነ አውታሩ ከታች፣ ዝዝታው ከላይ ሆኖ ተለያይቶ ይሰማል። ይህን ፈተና ብዙ ባለ ብልጭልጭ መብራት ስፒከር ይወድቀዋል።

ቀጥሎ አንድ ድምፃዊት ስሙ። ከፊታችሁ ቆማ የምትዘፍን ከመሰለች ጥሩ ነው፤ በእጇ አፏን የያዘች ከመሰለች እለፉት። ከዚያ ከበሮ። ከበሮው «ድም» ብሎ ማቆም አለበት። «ድምምም» እያለ ከጎተተ፣ ሻጩ «ቤዙን ሰማችሁት?» ይላችኋል። ቤዝ አይደለም። ሳጥኑ ነው የሚጮኸው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ጨርቁን ገልጣችሁ የዉፈሩን ዙሪያ እዩ። በብዙ የቆዩ ስፒከሮች ላይ ያለው ስፖንጅ ከዓመታት በኋላ ይበጣጠሳል። ኮኑን በጣቶቻችሁ ቀስ አድርጋችሁ እኩል ወደ ውስጥ ግፉት፤ የመፋቅ ድምፅ ካለ ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅልል ተበላሽቷል። በዚህ ሁሉ ካለፈ ያገለገለ ጥሩ ስፒከር ከአዲስ ርካሽ ስፒከር ይበልጣል።

አሁን አምፕሊፋየሩ

የጻፋችሁትን ርቀት አውጡ። ሶፋው 3 ሜትር ይርቃል፣ ስፒከሩ 87 ዴሲቤል ነው እንበል። ርቀቱ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ሁለት ስፒከር መሆኑና ግድግዳው ደግሞ ጥቂት ይመልሱለታል። ተደምሮ ተቀንሶ ለእያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ብቻ ሶፋው ላይ 80 ዴሲቤል አካባቢ ይሰጣችኋል። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ 60 ገደማ ነው። በ1 ዋት ብቻ ወሬ ማውራት አስቸጋሪ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ትርፉ ዋት ለምንድን ነው? ለድንገቴው። ከበሮው ሲመታ፣ ትራምፔቱ ሲነሳ ድምፁ ለቅጽበት በ10 ወይም በ15 ዴሲቤል ይዘላል። 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ዋት ነው፤ 15 ደግሞ ከ30 እጥፍ በላይ። ስለዚህ ለዚህ ሳሎን ለእያንዳንዱ ጎን ከ40 እስከ 60 ዋት አርኤምኤስ ይበቃል። ስፒከሩ 84 ከሆነ እጥፉን አስቡ።

የአምፕሊፋየሩን ቁጥር ስታነቡ «ለእያንዳንዱ ቻናል፣ በ8 ኦም፣ ሁለቱም ቻናል እየሠሩ» የሚለውን ፈልጉ፤ ቻናል ማለት አንዱ የስፒከር መውጫ ነው። ለፊልም የሚሆኑ ባለ ብዙ ቻናል ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንዱ ቻናል ብቻ ሲሠራ የተለካው ነው። ሁሉም ሲሠሩ ይወርዳል።

አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ «ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም»። ያቃጥላል። አቅሙ ያለቀ አምፕሊፋየር የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ድምፅ ሻካራ ይሆናል፤ ከሚገባው በላይ ኃይልም ወደ ትዊተሩ ይሄዳል። ግብዣ ላይ ትዊተር የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጉ፤ ያው ነው ጥበቃው።

ሌላው የሚያቃጥል ነገር ስፒከር መጨመር ነው። ሳሎን ያለው አልበቃ ብሎ ወጥ ቤት ሌላ ጥንድ ይቀጠላል፣ ከዚያ በረንዳ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች አንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ። አራት ሲሆኑ 2 ኦም። 2 ኦም የሚችል የቤት አምፕሊፋየር ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ማጣጣም አድካሚ ከመሰላችሁ፣ አምፕሊፋየሩ በውስጡ የተገጠመለት ስፒከር አለ። ፋብሪካው ራሱ አጣጥሞታል። ለጠባብ ቤትና ለተከራይ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ማጫወቻው

ስልክ በብሉቱዝ ማገናኘት ለዕለት ሥራ ይበቃል። በሽቦ ሲሆን ትንሽ ይሻላል። በሽቦ ስታገናኙ የስልኩን ድምፅ ወደ መጨረሻው አስጠግታችሁ ከፍና ዝቅ የምታደርጉት በአምፕሊፋየሩ ይሁን። የሲዲ ማጫወቻ «ሲዲ»፣ «ኦክስ» ወይም «ላይን» የተባለ ማንኛውም ጃክ ላይ ይገባል። ቴሌቪዥን ካለ ኦፕቲካል መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ምረጡ።

ሸክላ ግን ሌላ ነገር ነው። የሲዲ ማጫወቻ ወደ 2 ቮልት ያህል ያወጣል። የተለመደው የሸክላ መርፌ የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ አራት መቶ እጥፍ ያነሰ። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቆረጥ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው፤ ሲሰማ መመለስ አለበት። ሁለቱንም የሚሠራው «ፎኖ» የሚባለው ክፍል ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ፎኖ የሚል ጃክ ከሌለ፣ ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ ሳጥን አለ። ኦክስ ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ድምፁ የሞተና ቀጭን ይሆናል። ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦም አትርሱ፤ ካልታሰረች «ሁምም» የሚል ድምፅ ይመጣል።

እነ አምሃ ሪከርድስና ካይፋ የመሳሰሉ የድሮ ሙዚቃ አሳታሚዎች ያወጡት፣ አባት ወይም አጎት ያስቀመጡት ሸክላ ካላችሁ፣ የዚያ ዘመን የሀገራችን ሸክላ በብዛት ትንሹ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞረው ነው። ማጫወቻው 33ም 45ም መዞሩን አረጋግጡ። የመርፌው ምትክ የሚገኝ መሆኑንም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለአሮጌ ማጫወቻ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው።

ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ

አሜሪካ ያለ ዘመድ ያገለገለ ጥሩ አምፕሊፋየር ሊልክላችሁ ይችላል። በሻንጣ የሚመጣው ዕቃ ግን የ120 ቮልት ነው። እዚህ በቀጥታ ከተሰካ አለቀለት። ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ መምረጫ ቁልፍ ካለው ሳትሰኩ በፊት ወደ 220 አዙሩት። ሁለቱም ከሌለ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙ ዕቃው ከሚስበው እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው።

የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ትራንስፎርመርም ላያድነው ይችላል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ 50። አንዳንድ ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ነው። እዚህ ሲመጡ 33 ዙር የነበረው ወደ 28 ይወርዳል፤ ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣው ይመስላል። ሳዑዲም 60 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። ከዱባይና ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ በቮልቱም በኸርዙም ይስማማል፤ የዱባዩ ስፒናው ብቻ ባለ ሦስት ጥርስ ስለሆነ መቀየሪያ ይፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ። ዕቃ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታቢላይዘር ግዙ።

ሽቦና አቀማመጥ

ለስፒከር ውድ ሽቦ አያስፈልግም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ከ7 ወይም 8 ሜትር ካለፈ ወይም ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ 2.5 ካሬ። ድፍኑን ሳይሆን ባለ ብዙ ክሩን ግዙ፤ ይተጣጠፋል።

ስታስሩ አምፕሊፋየሩ ይጥፋ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሃል አይቆምም። ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አቀራርባችሁ አጫውቱ፤ ቀጥሎ በአንደኛው ላይ ብቻ ሽቦውን ገልብጡ። ቤዙ የወፈረበት ነው ትክክለኛው።

ስፒከሮቹን ቡፌ ውስጥ አትወትፏቸው። እናንተና ሁለቱ ስፒከሮች ሦስት እኩል ጎን እንዲኖራችሁ አድርጉ። ትዊተሩ ሶፋ ላይ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ይሁን። ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር አርቁና ስሙ፤ ቤዙ ከበዛ ጨምሩ፣ ከሳሳ መልሳችሁ አስጠጉ። ጥግ ላይ ያለ ስፒከር ቤዙ ሁልጊዜ ይበዛል።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ስፒከሩን ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ላይ አታስደግፉ። ሰብዉፈር ካለም ከሥሩ ወፍራም ጎማ አድርጉ። ቤዝ በኮንክሪቱ በኩል ታች ቤት ስለሚደርስ፣ ማታ ማታ ሰብዉፈሩን ብቻ አጥፍቶ በስፒከሮቹ መስማት ይቻላል።