የራስን ቋንቋ ሰዋስው ከአውሮፓ ቋንቋዎች እየተዋሱ እንዴት መንደፍ ይቻላል?

ቋንቋ ልፍጠር ብሎ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቃላት ነው። ውሃን እንዲህ፣ እሳትን እንዲያ ልበለው እያለ ደብተር ይሞላል። ሦስት መቶ ቃል ሰብስቦም አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቅተዋል፤ ማን በላ፣ ማን ተበላ የሚለውን የሚነግረን ሰዋስው ነውና። ስለዚህ አሥር ቃል ብቻ ይያዙና በቀጥታ ወደ ዓረፍተ ነገር ይግቡ። ፊደል ስንቆጥር የለመድነው «አበበ በሶ በላ» ለመነሻ ይበቃል።

1. ባለቤትና ተሳቢን ይለዩ

እንግሊዝኛ ሁለቱን የሚለየው በቦታ ነው፤ ከግሱ በፊት ባለቤት፣ ከግሱ በኋላ ተሳቢ። ላቲን በቃሉ መጨረሻ ይለያል፤ ውሻ ባለቤት ሲሆን «ካኒስ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ካኔም» ነው። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር አካባቢ የሚነገረው ባስክ ደግሞ ምልክቱን አድራጊው ላይ ያደርጋል፤ ሰውዬው መጣ ሲባል «ጊሶና»፣ ሰውዬው ዳቦ በላ ሲባል «ጊሶናክ»።

ዛመንሆፍ የተባለ ሰው ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1887 ያሳተመው ኤስፔራንቶ የተባለ ሰው ሠራሽ ቋንቋ የላቲንን መንገድ ይከተላል፤ «ዶሞ» ቤት ነው፣ ተሳቢ ሲሆን «ዶሞን»። ከእኛው «ን» ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ቢሆንም ጎን ለጎን ማየቱ ብዙ ያስተምራል። ኤስፔራንቶ «ግራንዳን ዶሞን» ብሎ ቅጽሉም ስሙም ላይ ይጨምራል፤ እኛ «ትልቁን ቤት» ብለን ቅጽሉ ላይ እናቆማለን። «ቤት አየሁ» ስንል «ን» የለችም፣ «ቤቱን አየሁት» ስንል ትመጣለች፤ ኤስፔራንቶ ግን በሁለቱም ቦታ ይፈልጋታል። እንግዲህ «ተሳቢ ን ይጨምራል» ብሎ መጻፍ ገና ግማሽ መንገድ ነው። የትኛው ቃል ላይ? ሁልጊዜ ወይስ ለታወቀ ነገር ብቻ? ሕግ የሚሆነው እነዚህ ሲመለሱ ነው።

2. ለስሙ ጥቂት ቅጥያ ይምረጡ

ፊንላንድኛ 15 ሙያዎች፣ ማለትም ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ድርሻ የሚያሳዩ መልኮች፣ አሉት፤ «ታሎ» ቤት፣ «ታሎሳ» ቤት ውስጥ፣ «ታሎስታ» ከቤት ውስጥ። ሁሉንም አይውሰዱ፤ ሁለት ሦስት ይበቃል። ጾታን በተመለከተ፣ ካላስፈለገዎት ይተዉት። ጀርመንኛ ሦስት ጾታ አለው፣ ፊንላንድኛ አንድም የለውም፤ ሁለቱም ቋንቋ ነው።

3. ቅጥያዎቹን ያጋጩ

እኔ በጣም የምወደው ደረጃ ይህ ነው። «ሙና» ቤት ይሁን። ከስዊድንኛ «ር»ን ለብዙ ቁጥር እንዋስ። ሮማንያኛ ተኩላን «ሉፕ»፣ ተኩላውን «ሉፑል» ይላልና «ል» ቤት ከሚለው ወደ ቤቱ ያሻግረን። ከፊንላንድኛ «ስ»ን ለ«ውስጥ» እንያዝ። በቤቱ ውስጥ «ሙናልስ» ሆነ፤ ጥሩ ነው። በቤቶቹ ውስጥስ? «ሙናርልስ»። ጮክ ብለው ይበሉት፤ ምላስ ይተሳሰራል። ስለዚህ «ሦስት ተነባቢ ሲከማች ከመጀመሪያው በኋላ ኤ ይግባ» የሚል ሕግ እናውጣ፤ «ሙናሬልስ» ይሆናል። ይህ «ሬ» ከአፍ የተወለደ ነው፤ ቋንቋውን ሕዝብ ሲናገረው የኖረ የሚያስመስሉትም እንዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው። ዌልስኛ ከዚህም አልፎ የቃሉን መጀመሪያ ይለውጣል፤ «ካት» ድመት ነው፣ ድመቱ (የእሱ) «ኤይ ጋት»፣ ድመቷ (የእሷ) «ኤይ ኻት»። «ኤይ» አልተለወጠም፤ የማን እንደሆነች የነገረችን የመጀመሪያዋ ድምፅ ናት።

4. ግሱን ያርቡ

በኤስፔራንቶ «ማንጃስ» ይበላል፣ «ማንጂስ» በላ፣ «ማንጆስ» ይበላል (ወደፊት) ነው፤ ማን እንደበላ ግን ግሱ አይናገርም፣ «ሚ» (እኔ) መባል አለበት። ስፓኒሽ እንደ እኛ ነው፤ «ኮሚ» ብቻውን በላሁ ማለት ነው። የስፓኒሽን መንገድ ከመረጡ ተውላጠ ስም መጣል ይቻላል፤ የኤስፔራንቶን ከመረጡ አይቻልም።

5. አማርኛውን ይፈትሹ

ሳናስበው ግሱን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን፤ «ትናንት የመጣው ሰውዬ» ብለንም ገላጩን እናስቀድማለን። አብዛኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሰውዬውን አስቀድመው «ትናንት የመጣው»ን ያስከትላሉ። ግስን ወደ መሀል ካመጡ ይህንንም አብረው ቢያዞሩት ቋንቋው የአማርኛ ቅጂ አይመስልም።

አሁን «ትናንት የመጣው ሰውዬ ውሻውን በቤቶቹ ውስጥ ፈለገው» የሚለውን በአዲሱ ቋንቋ ይጻፉ። የሚያደናቅፍዎት ቦታ ላይ ገና ያልወሰኑት ሕግ አለ፤ እዚያው ይወስኑና በደብተሩ ይመዝግቡ። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ችግር ከወጣ አሥራ አንደኛውን ቃል ይጨምሩ።