የአይሪሽ ስም ለልጅ ሲመረጥ፦ አነባበቡ፣ ትርጉሙና የምዝገባው ጣጣ

የአይሪሽ፣ ማለትም የአየርላንድ ነባር ቋንቋ፣ ስም ስትመርጡ ከትርጉሙ በፊት አነባበቡን ያዙ። ፊደሉ ላቲን ይሁን እንጂ ንባቡ በእንግሊዝኛ ሕግ አይሄድም፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ያነበበ ሰው ከስሙ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ብዙውን ስም የሚፈቱት ሕጎች ጥቂት ናቸው። "ቢ ኤች" እና "ኤም ኤች" ሲጣመሩ "ቭ"፣ አንዳንዴም "ው" ይሆናሉ። "ኤን፣ አይ፣ ኤ፣ ኤም፣ ኤች" ተብሎ የተጻፈው ስም "ኒቭ" የሚባለው ለዚህ ነው፤ ትርጉሙ ብርሃን፣ ድምቀት ነው። "ኤስ" ከ"አይ" ወይም ከ"ኢ" ፊደል ጋር ሲጎራበት "ሽ" ይሆናል። "ሲርሻ" የሚለውን ስም ብታዩ፣ የመጀመሪያው "ኤስ" ጎረቤቱ "ኤ" ስለሆነ "ስ" ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ግን "ኢ" ስለሚከተለው "ሽ" ይሆናል። ሲርሻ ማለት ነጻነት ነው፤ በሰው ስምነት የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እኛም ልጆቻችንን ነጻነት እንላለን። "ዲ ኤች" መጨረሻ ላይ ሲመጣ ይዋጣል፤ "ፊያ" እንዲህ ነው የሚጻፈው። ፊያ ዱር፣ አጋዘን የሚል ስሜት አለው፤ በ2021 በአየርላንድ ከሴቶች ስም አንደኛ የወጣውም እሱ ነው። "ኪቫ" ደግሞ እንደ አካባቢው "ኩዊቫ" ይባላል፤ ሁለቱም ልክ ነው።

አናባቢው ላይ የምትቀመጠው ሰያፍ ጭረት "ፋዳ" ትባላለች። ድምፁን ታስረዝማለች፣ ትርጉምም ትለውጣለች። "ሾን" ጭረቱ ከወደቀ "ሻን" ይሆናል፤ ሻን ደግሞ "ያረጀ" ማለት ነው። ለሕፃን አይመረጥም።

ትርጉሙን ለማግኘት ስሙን መክፈል ነው። መጨረሻው ላይ ያሉት "ኢን" እና "አን" ማሳነሻ ናቸው። "ኦስ" አጋዘን ነው፤ ኦሺን "ትንሽ አጋዘን" ይሆናል። ሮናን ትንሽ የባሕር ውሻ፣ ሮሺን ትንሽ ጽጌረዳ፣ ኪራን ትንሽ ጠይም፣ ሪያን ትንሽ ንጉሥ። ኦርላ ከ"ወርቅ" እና ከ"ልዕልት" የተጣመረ ነው፤ ሩሪ ቀይ ንጉሥ። ታይግ "ባለቅኔ" ማለት ነው።

የስም ዝርዝሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሾንና ሺቮን አየርላንድን ከወረሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ኖርማኖች ጋር የገቡ የዮሐንስ ዘሮች ናቸው፤ ትርጉማቸው የሚፈለገው በዕብራይስጡ ነው። ሊያም የዊሊያም ቁራጭ ሲሆን ሥሩ ጀርመናዊ ነው። ኮሊን በአይሪሽ "ልጃገረድ" ከማለት አያልፍም፤ ለስምነት ያበቃው ከአየርላንድ ውጭ የሚኖረው የአይሪሽ ዘር ነው። ኢፋን ከሔዋን ጋር የሚያገናኙትም በድምፁ ተታልለው ነው፤ የአይሪሿ ሔዋን "ኤቫ" ናት። ዲርድራ "ሐዘን" ነው የሚሉት ደግሞ ከአፈ ታሪኳ የተወሰደ ነው፤ የቃሉ ሥር ላይ ስምምነት የለም።

አይሪሾች ለእኛ ቅርብ የሆነ ልማድም አላቸው። በመካከለኛው ዘመን የማርያምን ስም ለልጅ በቀጥታ መስጠት እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ ወንዶቹን "ሜል ሙረ" ይሏቸው ነበር። ገብረ ማርያም ማለት ነው። በ1106 ክሎንማክኖይስ ገዳም ውስጥ የተገደለው ጸሐፊ ስሙ ይኸው ነበር። ዛሬም "ሙረ" የሚባለው ለእመቤታችን ብቻ ነው፤ ሴት ልጅ "ሞይራ" ትባላለች።

ስሙን ከወሰናችሁ በኋላ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። በአይሪሽ ሲጣሩ ከፊቱ "አ" ይጨመርና የመጀመሪያው ድምፅ ይላላል፤ ሞይራ "አ ዎይራ" ትሆናለች። በአይሪሽ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የምትገባ ልጅ ይህን በየቀኑ ትሰማዋለች። ከዚያ ደግሞ አገር ቤት ያሉት አያት እንዴት እንደሚሏት አስቡ። "ቭ" በብዙ ሽማግሌዎች አፍ "ብ" ነው፤ ኒቭ ንብ ሆና ትቀራለች። ይሄ እንኳ ያምራል። "ኡና" ግን ጥሩ ስም ሆኖ ሳለ ለአማርኛ ጆሮ ወደ "ኦና" ይጠጋል፤ ቤታችሁ አማርኛ የሚነገርበት ከሆነ እንድትተዉት እንመክራለን።

አየርላንድ ውስጥ የተወለደ ልጅ በ3 ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባውን ከማጽደቃችሁ በፊት እያንዳንዷን ፋዳ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ተመልከቱ፤ አንዷ ከጎደለች እዚያው አሳርሙ፤ በኋላ ለማስተካከል ደጅ መጥናት ይመጣል። ፓስፖርቱ ታች በማሽን የሚነበበው መስመር ላይ ግን ጭረቱ ሁልጊዜ ይጠፋል። ይህ ስህተት አይደለም፤ የአውሮፕላን ቲኬት ስትቆርጡም በዚያው መስመር ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉት።