የዝናብ ሱሪ አመራረጥ፦ ከቁጥሩ በፊት ዚፑን ይዩ

የዝናብ ሱሪ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚጨርሰው ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ነው። የሚወጣው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው፤ የሚለበሰውም በጥድፊያ፣ ጭቃ ላይ ተቁሞ፣ ጫማ ሳይወልቅ። ገዢው ቀድሞ የሚያየው መለያው ላይ የተጻፈውን፣ ጨርቁ ውሃን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገረውን ቁጥር ቢሆንም፣ መቅደም ያለበት የእግሩ ዚፕ ነው።

ከታች ጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ የሚከፈት ዚፕ ስኒከር ያሳልፋል፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የተራራ ጫማ ሲሆን ግን ተረከዙ ላይ ይይዛል። እስከ ጉልበት የሚከፈተው ለአብዛኛው ተጓዥ ይበቃል። እስከ ወገብ የሚከፈተው ጫማው ሥር የበረዶ ጥርስ (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት የሚታሰር ሹል ብረት) ላሰረ ሰው፣ ወይም እየሄደ ጭኑን ማናፈስ ለሚፈልግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ዚፑ በረዘመ ቁጥርም ውሃ የሚሰርግበት ቦታ ይበዛል። ዚፑ ራሱ ውሃ የማያስገባ ካልሆነ ከጀርባው የጨርቅ ክዳን ሊኖረው ይገባል።

ሲለኩት የመንገድ ጫማዎንና ከሥር የሚለብሱትን ሱሪ አድርገው ይሁን። በአንድ እግር ቆመው ይልበሱት። ከዚያ ጉልበትዎን እስከ ወገብ ያንሱ፦ የሱሪው ጫፍ ከጫማው አፍ በላይ ከወጣ አጥሯል። ቁጢጥ ይበሉ፦ ጉልበት ላይ ከወጠረ ወይም ወገቡን ወደ ታች ከጎተተ በልክ አንድ ደረጃ የሚበልጠውን ይውሰዱ። ጫፉ ሁልጊዜ ከጫማው ውጭ ይውረድ፤ ጫማ ውስጥ ከከተቱት ከጭን የሚወርደው ውሃ ሁሉ ካልሲዎ ላይ ይጠራቀማል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 10,000 ሚሊ ሜትር ማለት ጨርቁ ማሳለፍ ከመጀመሩ በፊት የዚያን ያህል ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ይሸከማል ማለት ነው። በቆመ እግር ላይ የሚወርድ ዝናብ ይህን ያህል ግፊት የለውም። ግፊት የሚመጣው እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ፣ ሲንበረከኩና የቦርሳው መቀነት ወገብ ላይ ሲጫን ነው። ለግማሽ ቀን ጉዞ 10,000 ይበቃል፤ ቦርሳ ተሸክመው ቀናት ለሚውሉበት ወደ 20,000 ቢጠጋ ይሻላል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ ስፌቱ አይደለም። ሱሪውን ገልብጠው ስፌቶቹ በሙሉ በቴፕ መሸፈናቸውን በጣትዎ እየተከተሉ ይመልከቱ፤ በተለይ በሁለቱ እግሮች መሃል፣ ስፌቶች በሚገናኙበት። የቴፑ ጠርዝ እዚያ ከተነሳ ሱሪውን መልሰው ይስቀሉት።

ባለ ሁለት ተኩል ንብርብር የሚባለው ጨርቅ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ከውስጥ ገበር ሳይሆን ስስ ቅብ ነው ያለው፤ ስለዚህ ባዶ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ጉልበት ላይም ቶሎ ያልቃል። ከውስጥ ገበር ያለው ባለ ሦስት ንብርብሩ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ቁጥቋጦና ድንጋይ የሚችለው ግን እሱ ነው። ሱሪውን የሚይዙት ለክፉ ቀን ብቻ ከሆነ ቀላሉን ይግዙ። የላብ ማስወጫ ቁጥርን በተመለከተ፣ አምራቾች የሚለኩበት ዘዴ ስለሚለያይ የአንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ብዙም አይጠቅምም። ኪስም ቢቀር አይጎዳም፤ ወገቡ ላይ ግን ከላስቲኩ ጋር የሚታሰር ገመድ ይኑረው፣ እርጥብ ሱሪ በክብደቱ ይወርዳልና።

«ያፈሳል» ተብሎ የሚጣል ሱሪ ብዙ ጊዜ አያፈስም። እርጥበቱ ጭንና ከጉልበት ጀርባ ላይ ወጥ ሆኖ ከተሰራጨ ላብ ነው፤ በመቀመጫ ወይም በስፌት መስመር ላይ ብቻ ከታየ ውሃ ገብቷል። ላቡ የሚታፈነው የላይኛው ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ ነው። ጠብታ ጣል ያድርጉበት፦ ተንከባሎ ከወረደ ደህና ነው፤ ጨርቁን ካጠቆረው ውሃ የሚያንከባልለው ቅብ ደክሟል። ለዚሁ በተሠራ ሳሙና ይጠቡት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ መለያው ከፈቀደ በማድረቂያ ማሽን ለስለስ ባለ ሙቀት ያድርቁት፤ ሙቀቱ ቅቡን ያነቃዋል። ያም ካልረዳ የሚረጭ ቅብ ይጨምሩ። ማለስለሻ አያስገቡበት፤ ጨርቁ ላይ የሚተወው ነገር ውሃ ይስባል። ከጉዞ ሲመለሱ እርጥቡን ጠቅልለው አያስቀምጡት፤ የውስጡ ቅብ በእርጥበት እየተበላ እንደ ልጣጭ መነሳት ይጀምራል፣ ያኔ መጠገኛም የለውም።