ቢኤምደብሊው ኢ90፦ ሸራው ተቀይሮ ቀዩ መብራት አልጠፋ ሲል

መኪናው 320አይ ነው። የፊት ፍሬን ሸራ አዲስ ገብቶለትም ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ ምልክት አልጠፋም። በዚያ ላይ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሲወርድ የግራው የፊት ቸርኬ ይግላል፣ ሽታም አለው።

ባትሪ መንቀል አልሠራም። በስካነር ኮዱን ማጥፋትም እንዲሁ፤ ተመልሶ ይመጣል።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የሸራውን ማለቅ የሚጠቁመው አሮጌው ሴንሰር መልሶ መታሰሩ ነው። ጫፉ አንዴ ዲስኩ ከፋቀው ሽቦው ይቆረጣል፤ ሪሴት አይቀበልም። ይህ ሞዴል ያሉት ሁለት ሴንሰሮች ብቻ ናቸው፦ ግራ ፊት እና ቀኝ ኋላ። ሶማሌ ተራ ሸራ ሲገዛ ሴንሰሩንም አብሮ መግዛት ነው።

ሁለተኛውን የወጣው ሸራ ራሱ ይናገራል፦ የውስጠኛው 2 ሚሊ፣ የውጭኛው 7 ሚሊ። የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) መንሸራተቻ ፒን በአቧራ ተይዟል ማለት ነው። ፒኖቹ በ7 ቁጥር ኤለንኪ ወጥተው በፍሬን ማጽጃ ታጠቡ። ግሪስ አይቀባም! ብዙ ሰው ይቀባል፤ ተራ ግሪስ ፒኑን ያቀፈውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ፒኑም መልሶ ይያዛል። የተቀደደ ጎማ ካለ ይቀየር። ፒስተኑ ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀለም ይልጣል።

ፒኖቹ በ30 ኒውተን ሜትር፣ የጎማ ቡሎኖቹ በ120 ታሰሩ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠጥር ይረገጣል።

በመጨረሻ፣ ፍሬን ሳይረገጥ ስታርት ቁልፉን መጫን፤ ሞተሩ አይነሳም። የኪሎሜትር ማጥፊያዋን ቁልፍ የአገልግሎት ዝርዝሩ እስኪመጣ መያዝ፣ የፊት ፍሬን ላይ ሲደርስ እንደገና ተጭኖ መያዝ። መብራቱ ጠፋ።