ለኮምቦልቻው ሽምብራ የነዳጅ ብር ከመላካችሁ በፊት

ቦርከና ወንዝ ዳር የቤተሰብ መሬት ኖሯችሁ ለሞተር ፓምፕ ነዳጅ የምትልኩ ከሆነ፣ ሽምብራን እንደ ሽንኩርት አትቁጠሩት። ክረምቱ ሲወጣ ይዘራል፤ ጥቁሩ አፈር ውስጥ የቀረውን እርጥበት ሥሩን ወደ ታች እየሰደደ ይጠጣል። ብዙውን ጊዜ የሚበቃው ሁለት ውሃ ነው፦ አንዱ ዕንቡጥ ሲይዝ፣ ሌላው ፍሬው መሙላት ሲጀምር። ጥቅምት ላይ ደህና ዝናብ ከጣለ የመጀመሪያው ይቀራል። ዝናቡን ግን ደሴ ያለውን ዘመድ አትጠይቁ፤ ደሴ ዘነበ ማለት የኮምቦልቻ ሜዳ ዘነበ ማለት አይደለም።

በሁለቱ ውሃ ምርት ይጨምራል። ከዚያ በላይ ሲጠጣ ግን ውሃው ይባክናል፤ ሽምብራ እርጥበት እስካገኘ ድረስ ቅጠል ማውጣቱን ስለማያቆም አበባው ይረግፋል፣ ግንዱም ይተኛል። በቴሌግራም የሚላክላችሁ ለምለም ማሳ አውድማ ላይ ሲያሳፍር የሚታየው ለዚህ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) አንድ ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር ማጠጣት 100 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል፤ በቦይ ሲጠጣ የሚባክነው ሲታሰብ 165 ገደማ ይሆናል። የፓምፑን አቅም ለማወቅ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ቪዲዮ አስቀርፁ። በ20 ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ይስባል፤ ስለዚህ ለጥማዱ አራት ሰዓት ተኩል ይበቃል። የስምንት ሰዓት ነዳጅ ከተጠየቃችሁ ወይ ቦዩ ያፈሳል፣ ወይ ማሳው ተሰነጣጥቋል። ጥቁር አፈር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ ውሃው በስንጥቁ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሥሩም ይበጠሳል፤ ከዚያ በፊት መጠጣት አለበት።

መጠጣት እንዳለበት በቅጠሉ ፎቶ አትፍረዱ፤ በቀትር የጠወለገ ማታ ይነሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቆፍራችሁ ከታች የወጣው አፈር እፍኝ ውስጥ ሲጨመቅ እዩ። ከተድበለበለ ገና ነው፤ ከተፈረፈረ ነዳጅ ላኩ።

«ሽምብራው ቢጫ ሆነ፣ የዩሪያ ብር ላክ» የሚል ስልክ ከውሃ በኋላ ከመጣ ቸኩላችሁ አትላኩ። ውሃ የተኛበት ሥር አየር ያጣል፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚያዘጋጁለት የሥር እባጮችም ሥራ ያቆማሉ። አንድ ተክል በቀስታ ተነቅሎ እባጩ በምላጭ ይቆረጥ፦ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፣ ግራጫ ከሆነ ታፍኗል። መፍትሔው ማንጠፍጠፊያ ቦይ መክፈት ነው። ሥሩ ጠቁሮ ከላላ ደግሞ ሥር አበስብስ ገብቷል፤ ያንን ዩሪያም ውሃም አይመልሰውም።

ውሃው ከየት እንደሚሳብ ጠይቁ። ሽምብራ ጨው አይችልም፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች የሚሳብ ውሃ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል።

እኩል አራሽ (መሬቱን አርሶ ምርቱን የሚካፈል ገበሬ) ካላችሁ ነዳጁ ከክፍፍሉ በፊት ይቀነስ ወይስ ከማን ድርሻ ይውጣ የሚለውን ሳይዘራ በምስክር ፊት ጻፉት። ብሩንም በየውሃው ላኩ፤ አንድ ላይ ከተላከ ሦስተኛና አራተኛ ውሃ መጠጣቱ አይቀርም። የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር ፓምፑ ከማሳው ይነሳ፤ የተረፈው ብር ለእሸት ጠባቂ ይሁን።